ከዘውዱ ወይስ ከጎፈሩ? የኋለኛው ዘመን የሮማ ነሐስ ሳንቲሞችን የመለያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

በኢየሩሳሌም ፈቃድ ባላቸው የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች መደርደሪያ፣ በእንግሊዝ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎችና በኢንተርኔት ጨረታዎች ላይ ከጥፍር የማይበልጡ፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሱ የነሐስ ሳንቲሞች በእፍኝ ይሸጣሉ። የአንዱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዶላር ነው። አብሯቸው የሚሰጠው መረጃም ከዋጋቸው አይሻልም፤ «የሮማ፣ አራተኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ቁራጭ ወረቀት ከተገኘ ደግ ነው። ገዢው ቤቱ ገብቶ የማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተመታ ማወቅ ሲፈልግ ነው ችግሩ የሚጀምረው። አንዱ የሳንቲም ዓይነቶችን በቁጥር የሚዘረዝሩ ወፋፍራም ካታሎጎች ግዛ ይለዋል፤ ሌላው በነጻ የሚገኝ የመረጃ ቋት እያለ ገንዘብህን ለምን ትጨርሳለህ ይለዋል። ሦስተኛው ፎቶ አንስቶ ስሙን በሰከንድ የሚነግር የስልክ መተግበሪያ ያሳየዋል።

ከነዚህ ውስጥ በጅምላ «ይህ ይበልጣል» የሚባል የለም። ምርጫውን የሚወስነው የመሣሪያው ዝና ሳይሆን ሳንቲሙ ላይ የተረፈው ነገር ነው። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የሚነበብ ሳንቲም የያዘ ሰውና ምስሉ በጥላ ብቻ የሚታይ ሳንቲም የያዘ ሰው አንድ መሣሪያ ሊጠቀሙ አይገባም። አብዛኛው ጀማሪ ገንዘቡን የሚያባክነው ለመጀመሪያው ሰው የተዘጋጀውን መሣሪያ ሁለተኛው ሰው ሆኖ ሲገዛ ነው።

የምንነጋገረው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ገንዘቡን ካሻሻለበት ከ294 ገደማ አንስቶ ንጉሠ ነገሥት አናስጣስዮስ ትልልቁን የነሐስ ሳንቲም እስካወጣበት እስከ 498 ድረስ ስለተመቱት ነው። ከአንድ የአገራችን አዋጅ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። የላቲን ፊደላቱን በስማቸው እጠራቸዋለሁ።

መለኪያዎቹ

መንገዶቹን በአምስት ነገር እመዝናቸዋለሁ። የመጀመሪያው፣ መንገዱ ከሳንቲሙ ምን ይጠይቃል የሚለው ነው። የከተማው ምልክት፣ ማለትም ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ የሚጠቁሙት የግርጌ ፊደላት፣ ካልተነበበ በሩን የሚዘጋ መሣሪያ አለ፤ የምስሉ ቅርጽ ብቻ የሚበቃውም አለ። ሁለተኛው የሚያደርሰን ጥልቀት ነው፤ እስከ ዘመኑ ነው፣ እስከ ንጉሡ፣ እስከ ማተሚያው ከተማ ወይስ እስከ ካታሎግ ቁጥሩ? ሦስተኛው ወጪ፣ አራተኛው የሚጠይቀው ዕውቀት ነው፤ በተለይ የእንግሊዝኛና የላቲን ፊደል ንባብ። አምስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው እኩል አከብደዋለሁ። መሣሪያው «አላውቅም» ማለት ይችላል ወይ?

ስለ ጥልቀት አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ ያልታወቀ ሳንቲም ያልተለየ ሳንቲም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የብሪታንያ አርኪዮሎጂስቶች ግን በአገራቸው የሚገኙትን የሮማ ሳንቲሞች በ21 ዘመናት ከፍለው ይሠራሉ። ለምሳሌ ከ330 እስከ 348 ያለው 17ኛው ዘመን ነው። የንጉሡ ስም የጠፋበት ሳንቲም እዚያ ውስጥ በእርግጠኝነት ከገባ ለጥናት ይጠቅማል። ለባለሙያው የበቃው ነገር ለእኛ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም።

ከመሣሪያው በፊት፦ ጎፈሩን እዩ

ሳንቲም ሲወረወር አብዛኛው ሰው ዘውድ ይላል። ሳንቲም ሲመረመርም ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ንጉሡ ፊት ይሄዳል። ለዚህ ዘመን ነሐስ ይህ የተሳሳተ በር ነው። ከቆስጠንጢኖስ በኋላ የንጉሡ ምስል የሰውየው መልክ መሆኑ እየቀረ የሥልጣኑ ምልክት ሆኗል፤ ትልቅ ዓይን፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ በዕንቁ ያጌጠ የራስ ማሰሪያ። በተፋቀ ሳንቲም ላይ ዳግማዊ ቆስጠንጥዮስን ከዋሌንስ በመልኩ ብቻ ለየሁ የሚል ሰው እየገመተ ነው።

ጀርባው ግን ዘመኑን ይናገራል። የጀርባው ምስልና መፈክር ከላይ በሚወርድ ትእዛዝ ስለሚለወጥ በብዙ ማተሚያዎች በተቀራረበ ጊዜ ነበር የሚቀየረው። ስለዚህ ምስሉን ካወቃችሁት ፊደል ሳታነቡ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ወደሚሆን ክልል ትገባላችሁ።

መጠኑ ራሱ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ፣ 10 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ጀርባው ላይ ጽዋና የፍሬ ቀንድ የያዘ ራቁት ወጣት ያለበት ከሆነ የዲዮቅልጥያኖስና የተባባሪዎቹ ዘመን ነው። ከ307 ጀምሮ ክብደቱ እየወረደ ሄደ። ራሱ ላይ የጨረር አክሊል የደፋ፣ ቀኝ እጁን ያነሳ የፀሐይ አምላክ ከ310 እስከ 318 ገደማ ይሄዳል። በር ያለው የግንብ ምሽግ፣ ከላዩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ትንንሽ ማማና ኮከብ ያለው፣ በ320ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተለመደ ነው።

ከዚያ በገበያ በብዛት ወደሚገኘው እንደርሳለን፦ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወታደሮች። እዚህ ላይ መቁጠር ያስፈልጋል። በመካከላቸው ሁለት የጦር ዓርማ ካለ ከ330 እስከ 335፣ አንድ ብቻ ካለ ከ335 እስከ 341 ገደማ ነው። ልዩነቱ በሚዛንም ይታያል፤ ባለ ሁለቱ 17 ወይም 18 ሚሊ ሜትርና 2.5 ግራም አካባቢ ሲሆን ባለ አንዱ ወደ 15 ሚሊ ሜትርና 1.7 ግራም ይወርዳል። በዚያው ዘመን ከፊት የሮም ከተማ በራስ ቁር ያጌጠች ሴት ሆና፣ ከኋላ ሁለት ሕፃናት የምታጠባ ተኩላ ያለችበት ሳንቲም ተመትቷል። የቁስጥንጥንያው አቻው በመርከብ አፍንጫ ላይ የቆመች ባለ ክንፍ የድል አምላክ አለችበት። ሁለቱም ላይ የንጉሥ ስም የለም፤ ጠፍቶባችሁ እንዳይመስላችሁ።

በ348 አዲስ መፈክር መጣ፤ «የደስታው ዘመን ተመለሰ» የሚል መንፈስ አለው። ከምስሎቹ ሁሉ የበዛው ሮማዊው ወታደር ከፈረሱ የወደቀውን ጠላት በጦር ሲወጋ የሚያሳየው ነው። በዳግማዊ ቆስጠንጥዮስ ስም የተመታው በጣም ብዙ ነው፤ እርሱም በፍሬምናጦስ ጉዳይ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ንጉሠ ነገሥት ነው። ስለ አባ ሰላማ ሲነገር ስሙን የሰማነው ሰው ሳንቲም በገበያው ከሚርመሰመሱት አንዱ መሆኑ ለእኛ አገር ሰብሳቢ ከዋጋው በላይ ትርጉም አለው። ይኸው የፈረሰኛ ምስል ግን ወጥመድም አለው። በ350ዎቹ በጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) እና በብሪታንያ ሰዎች በየመንደሩ እያስመሰሉ መትተውታል፤ ትንሽ፣ ሥዕሉ የሕፃን እጅ የሚመስል፣ ፊደሉም ትርጉም የሌለው ከሆነ አስመስሎ የተሠራ የዘመኑ ሳንቲም ነው። ለእንዲህ ያለው የካታሎግ ቁጥር መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ከ364 እስከ 378፣ በዋሌንጢኒያኖስና በዋሌንስ ዘመን ሁለት ምስሎች ገበያውን ይገዛሉ፦ ንጉሡ ምርኮኛውን በጸጉሩ ሲጎትት፣ እና ባለ ክንፍ የድል አምላክ የአበባ ጉንጉን ይዛ ስትራመድ። ከ388 በኋላ ደግሞ ያችው የድል አምላክ ራሷ ምርኮኛ ትጎትታለች፤ ሳንቲሙም ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የመጡትን የአምስተኛው ክፍለ ዘመን 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ ያነሱ ቅንጣቶች ለመለየት ጀማሪ ገንዘብ እንዲያወጣ አልመክርም።

ዘውዱ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ነው። ስሙን ከመጀመሪያው አታንብቡ፤ ከመጨረሻው አንብቡ። ቆስጠንጢኖስ፣ ቆስጠንጥዮስና ቆንስጣንስ በላቲን የመጀመሪያዎቹ ሰባት ፊደላቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በጅራታቸው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስም በ«አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኤስ»፣ ሁለተኛው በ«አይ፣ ቪ፣ ኤስ» ያልቃል። ሦስተኛው ደግሞ ስድስተኛው ፊደል «ኤ» ላይ ከደረሰ በኋላ በ«ኤን» እና «ኤስ» ይዘጋል። ከስሙ ቀጥሎ «ኤ፣ ቪ፣ ጂ» ካለ አውግስጦስ (ዋናው ንጉሠ ነገሥት)፣ «ኤን፣ ኦ፣ ቢ» እና «ሲ» ካለ አልጋ ወራሹ ቄሳር ነው። በባለ አንድ ዓርማው የወታደሮች ሳንቲም ላይ ዳልማጥዮስ የሚል ስም ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ የቆስጠንጢኖስ የወንድም ልጅ ነው፣ በ335 ቄሳር ሆኖ በ337 ተገደለ፣ ሳንቲሙም ከአጎቶቹ ልጆች ይልቅ በጣም ያነሰ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያሳየው ብርሃን ነው። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ወደ ጠረጴዛው አጋድላችሁ አብሩት። የማለዳ ፀሐይ የማሳ ትልም ጎልቶ እንዲታይ እንደምታደርገው፣ ተፋቀ ያላችሁት ፊደል ጥላ ይሠራል። ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በአሲድ፣ በሎሚ ወይም በብረት ብሩሽ መፈተግ ፊደሉን ለዘለዓለም ያጠፋዋል፤ ሳንቲሙ ላይ የተያዘውን አፈር በተጣራ ውኃ መዘፍዘፍ ይበቃል።

መንገዶቹ አንድ በአንድ

*በራስ የሚዘጋጅ የጀርባ ምስሎች ገበታ።* ከላይ የዘረዘርኳቸውን ምስሎች ከነዓመታቸው በአንድ ገጽ አስፍሮ ከትንሽ ሚዛንና ከማስመሪያ ጋር መያዝ ማለት ነው። ከሳንቲሙ የሚጠይቀው ትንሽ ነው፤ ፊደል እንኳ አይፈልግም። እንግሊዝኛም አይጠይቅም፣ በአማርኛ ማዘጋጀት ይቻላል። የሚያደርሰው እስከ ዘመኑ፣ ሲታገዝም እስከ ንጉሡ ነው። ከዚያ በላይ አይሄድም፤ እንደሚሄድም አያስመስልም። ከሁሉም በፊት መያዝ ያለበት ይህ ነው።

*ነጻው የመረጃ ቋት።* የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ከ2012 ጀምሮ የሚያቀርበው ኦክሬ የተባለው ቋት የትልቁን ካታሎግ (ከታች የማወሳውን አር አይ ሲ) ቁጥሮች ከታላላቅ ሙዚየሞች ፎቶግራፎች ጋር ያገናኛል። ክፍያ የለውም። በንጉሥ፣ በማተሚያ ከተማ፣ በጽሑፍ ቁራጭ እያጣሩ መፈለግ ይቻላል። ሦስት ወይም አራት ተከታታይ ፊደል ካነበባችሁ ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል። ሁለት ነገር ግን ያደናግራል። አንደኛ፣ «ያወጣው ባለ ሥልጣን» እና «ፊቱ የሚታየው ሰው» በተለያየ ማጣሪያ ሥር ናቸው፤ የዳግማዊ ቆስጠንጢኖስን የቄሳርነት ዘመን ሳንቲም የምታገኙት በአባቱ ሥልጣን ሥር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለተኛ፣ ፎቶ የሌላቸው መዝገቦች ብዙ ስለሆኑ በዓይን ማመሳሰል ሁልጊዜ አይሳካም። «አላውቅም» ማለትን በተመለከተ ቋቱ ታማኝ ነው፤ ያነበባችሁት ትንሽ ከሆነ አንድ መልስ ሳይሆን መቶ መልስ ያወጣላችኋል፣ ይህም ራሱ መልስ ነው።

*የጨረታ ማኅደሮች።* ጨረታ ቤቶች የሸጧቸውን ሳንቲሞች ፎቶና ዋጋ የያዙ የኢንተርኔት ክምችቶች አሉ። ለዋጋ ግምት ሌላ የሚተካቸው የለም። ለመለየት ግን ሁለት ጉድለት አለባቸው። ለጨረታ የሚቀርበው ከመቶ አንዱ፣ የጠራው ነው፤ የእናንተ ሳንቲም ግን ከቀሪው ወገን ነው። በተጨማሪም ሻጩ የሰጠውን ስም ሌላው ሻጭ ይቀዳዋል፤ አንድ ስሕተት አሥር ቦታ ሲደገም እውነት ይመስላል። በሌላ መንገድ የደረሳችሁበትን ለማረጋገጥ እንጂ ለመጀመር አትጠቀሙበት።

*የታተሙ ካታሎጎች።* ዋናው በምኅፃር አር አይ ሲ የሚባለው የሮማ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ሳንቲሞች ካታሎግ ነው። የእኛን ዘመን የሚመለከቱት ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ያሉት ቅጾች ናቸው፤ ስድስተኛው ከ294 እስከ 313፣ ሰባተኛው እስከ 337፣ ስምንተኛው እስከ 364፣ ዘጠነኛው እስከ 395፣ አሥረኛው እስከ 491። አንዱ ቅጽ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ዶላር በላይ ያወጣል። በጥልቀት የሚስተካከለው የለም፤ መግቢያዎቹ ብቻ ስለ ማተሚያዎቹ አሠራር ትምህርት ቤት ናቸው። ዕድሜያቸው ግን እኩል አይደለም። ዘጠነኛው ቅጽ በ1951፣ አሥረኛው በ1994 ነው የታተመው፤ በመካከላቸው ያለው የዕውቀት ርቀት ገጾቹ ላይ ይታያል።

ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት ቅጾች የተደራጁት በማተሚያ ከተማ መሆኑን ነው። የከተማው ምልክት ከሳንቲሙ ግርጌ ከጠፋ፣ ማውጫው ቢረዳም፣ ሁሉንም ከተማ አንድ በአንድ ማገላበጥ ነው የሚጠብቃችሁ። በ1960 የታተመው፣ በምኅፃር ኤል አር ቢ ሲ የሚባለው አነስተኛ ካታሎግ ከ324 እስከ 498 ያለውን ነሐስ በአንድ ጥራዝ ይይዛል፤ ርካሽና ለአያያዝ ምቹ ነው። ሥዕሉ ጥቂት፣ ጽሑፉም በምኅፃር የታጨቀ ስለሆነ ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ መጽሐፍ ብቻ ልግዛ ለሚለኝ ይህን ነው የምመክረው።

*የስልክ መተግበሪያዎች።* ፎቶ አንስታችሁ ስም የሚሰጡ ናቸው። ለዘመናዊ ሳንቲሞች፣ እያንዳንዱ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት በሆነበት፣ ይሠራሉ። በእጅ የተመታ፣ ከመሃል የወጣ፣ ግማሹ የተፋቀ ነሐስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መተግበሪያው የሚፈልገው የሚመስለውን ሥዕል ነው፣ ዝገቱም የሥዕሉ አካል ይሆንበታል። ትልቁ ቅሬታዬ ስሕተቱ አይደለም። መጠራጠር አለመቻሉ ነው። ንጉሥ፣ ዓመትና አንዳንዴም የተጋነነ ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ይነግራችኋል። ክብደቱንና ስፋቱን ሳይጠይቅ! ለደንበኝነት የሚያስከፍሉትን እንዳትገዙ እመክራለሁ።

*የሚያውቅ ሰው።* በእንግሊዝና በዌልስ በመንግሥት የሚደገፈው የተንቀሳቃሽ ቅርሶች ምዝገባ ሥርዓት መሬት ውስጥ ያገኛችሁትን በነጻ ይመዘግባል፤ በየአካባቢው ባለሙያ አለው፣ የመረጃ ቋቱም ለሁሉም ክፍት ነው። ይህ አገልግሎት ለተገኘ እንጂ ከገበያ ለተገዛ ሳንቲም አይደለም። በሌሎች አገሮች የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበራትና የሙዚየም ክፍሎች አሉ። የለመደ እጅ እናንተ አንድ ምሽት የምትደክሙበትን በግማሽ ደቂቃ ይነግራችኋል፤ የማይነበበውንም «አይነበብም» ይላል። ሳንቲማችሁን ሊገዛ የሚፈልግ ነጋዴ ግን አማካሪ አይደለም።

አንድ ሳንቲም በሁሉም መንገድ ሲፈተሽ

17 ሚሊ ሜትር፣ 2.3 ግራም የሆነ ሳንቲም በእጃችሁ አለ እንበል። ጀርባው ላይ ሁለት ወታደሮች፣ በመካከላቸው ሁለት ዓርማ። ከፊት «ቲ፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኤስ» የሚል፣ ከዚያ ክፍተት፣ ቀጥሎ «ኤን፣ ኦ፣ ቢ» እና «ሲ» ይነበባል። ከግርጌ «ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤስ» አለ፤ ሁለቱም ጫፎቹ ተፍቀዋል።

ገበታው ወዲያው ከ330 እስከ 335 ያደርሳችኋል። የስሙ ጅራትና ማዕረጉ ሲጨመሩ ዳግማዊ ቆስጠንጢኖስ ቄሳር ሳለ መሆኑ ይታወቃል። እስካሁን አንድ ሳንቲም አላወጣችሁም። ኦክሬ ላይ በአባቱ ሥልጣን፣ በልጁ ምስልና በዚህ ጀርባ ስታጣሩ ዝርዝሩ ያጥራል፤ ነገር ግን ሁለት ከተማ ላይ ይቆማል።

ምክንያቱም «ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤስ» ቁስጥንጥንያም፣ በዛሬዋ ደቡብ ፈረንሳይ ያለችው አርልም ሊሆን ይችላል። አርል በ328 ስሟ ቆንስጣንቲና ስለተባለ ምልክቷ «ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ» ሆነ። መለያው ያለው በጫፎቹ ነው። አርል ሳንቲሙን የመታውን የማተሚያዋን የሥራ ክፍል የምታመለክተው በፊት በሚቀድም የላቲን ፊደል፣ በ«ፒ» ወይም በ«ኤስ» ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ ለማለት። ቁስጥንጥንያ ደግሞ ከኋላ በሚከተል የግሪክ ቁጥር ፊደል ነው፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ እያለች። እንግዲህ መብራቱን አጋድላችሁ ከመጀመሪያው ፊደል በስተግራ ተመልከቱ። የቀጥታ መስመር ጭረት ካለ የ«ፒ» እግር ሊሆን ይችላል፤ ወደ አርል ያዘነብላል። በስተግራ ንጹሕ ሜዳ ከሆነና ጭረቱ በስተቀኝ ካለ ጉዳዩ ክፍት ነው፤ የ«ቲ» እግርም ሊሆን ይችላልና።

የታተመው ሰባተኛ ቅጽ የሚጠቅማችሁ ከዚህ ጥያቄ መልስ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት መጽሐፉን ከፍቶ መቀመጥ ነው ትርፉ። የስልኩ መተግበሪያ ስለ ጭረቱ ምንም ሳይላችሁ አንዱን ከተማ መርጦ ይሰጣችኋል። የሚያውቅ ሰው ሳንቲሙን አንዴ አዙሮ «አርል ይመስላል፣ ግን አልምልም» ይላችኋል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ከሳንቲሙ የሚጠይቀው | የሚያደርሰው | ወጪ | የሚጠይቀው ዕውቀት | ጥርጣሬን ያሳያል? |
|---|---|---|---|---|---|
| የጀርባ ምስሎች ገበታ | ጥላው የሚታይ ምስል፣ ስፋት፣ ክብደት | ዘመን፣ አንዳንዴ ንጉሥ | የትንሽ ሚዛን ዋጋ | በጣም ትንሽ | አዎ |
| ኦክሬ | ጥቂት ፊደላት | እስከ ካታሎግ ቁጥር | ነጻ | የላቲን ፊደል፣ የማጣሪያዎቹ አሠራር | አዎ፣ መልሱን በማብዛት |
| የጨረታ ማኅደር | ግልጽ ምስል | ማረጋገጫና ዋጋ | ከነጻ እስከ ደንበኝነት ክፍያ | ስሕተትን የመለየት ልምድ | አልፎ አልፎ |
| አነስተኛው ካታሎግ | የከተማ ምልክት | ዓይነትና ማተሚያ | መካከለኛ | ምኅፃረ ቃላቱን መልመድ | በከፊል |
| አር አይ ሲ ቅጾች | የሚነበብ ጽሑፍና የከተማ ምልክት | እስከ ሥራ ክፍልና ቁጥር | ከፍተኛ | እንግሊዝኛና ትዕግሥት | አዎ፣ በግርጌ ማስታወሻ |
| የስልክ መተግበሪያ | ንጹሕ ፎቶ | ግምት | ከነጻ እስከ ወርሃዊ ክፍያ | ምንም | አይ |
| የሚያውቅ ሰው | ሳንቲሙ ራሱ በእጅ | እንደ ሳንቲሙ | ነጻ ወይም ትንሽ | የመጠየቅ ትሕትና | አዎ |

ለማን የትኛው?

ገና አንድ እፍኝ ያልጸዳ ሳንቲም የገዛ ሰው ምንም መጽሐፍ አይግዛ። ገበታ፣ እስከ አንድ አሥረኛ ግራም የሚለካ ሚዛንና የሚታጠፍ መብራት ይበቁታል። ከእፍኙ ግማሹ ከዘመን በላይ አይሄድለትም፤ የጨዋታው ሕግ ነው። የጠሩትን ለይቶ ወደ ኦክሬ ይውሰዳቸው።

አንድ ንጉሥ ወይም አንድ ከተማ ላይ ለማተኮር የወሰነ ሰብሳቢ ያንን የሚመለከተውን አንድ ቅጽ ይግዛ፤ አምስቱን በአንድ ላይ መግዛት ለመደርደሪያ ውበት ካልሆነ በቀር አያስፈልግም። ለንደን ማተሚያዋ በ325 ስለተዘጋች፣ ለምሳሌ የለንደን ሳንቲም ሰብሳቢ ስድስተኛውና ሰባተኛው ቅጽ ይበቁታል።

ለመሸጥ ወይም ለኢንሹራንስ ግምት የሚፈልግ ደግሞ ከጨረታ ማኅደር አያመልጥም፤ ግን ሳንቲሙን በሌላ መንገድ ከለየ በኋላ ይሂድ፣ ሲሄድም ከራሱ ጋር በመፋቅ የሚመሳሰለውን ይፈልግ እንጂ ከላይ የተሰቀለውን አይመልከት።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሌላው የተለየ አንድ ጉዳይ አለ። በእስራኤልና በግብፅ በተደረጉ ቁፋሮዎች የአክሱም የነሐስ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ከአካባቢው የመጣ የትንንሽ ነሐስ ክምር ውስጥ የአክሱም ሳንቲም መኖሩ የማይሆን ነገር አይደለም። ከላይ የገመገምኳቸው መሣሪያዎች በሙሉ ለሮማ የተሠሩ በመሆናቸው ሊነግሯችሁ አይችሉም። ምልክቶቹን ዓይናችሁ ይልመድ፦ በክብ ውስጥ ያለ የግሪክ መስቀልና በዙሪያው «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል የግሪክ ጽሑፍ፤ ከራስ ማሰሪያው ይልቅ በጨርቅ የተሸፈነ ራስ፤ በንጉሡ ምስል ወይም በመስቀሉ ዙሪያ የቀረ የወርቅ ቅብ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አናባቢ የሌለው የግዕዝ ፊደል። የአክሱሙ ንጉሥ መሐድየስ የነሐስ ሳንቲም ላይ «በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ» የሚል ቃል በግዕዝ ተጽፏል። በ350 በሲስኪያ፣ በዛሬዋ ክሮኤሽያ፣ በወጡት፣ ለአጭር ጊዜ በነገሠው በቬትራንዮና በዳግማዊ ቆስጠንጥዮስ ስም በተመቱት ሳንቲሞች ላይ ደግሞ «በዚህ ምልክት ድል አድራጊ ትሆናለህ» የሚል በላቲን አለ። ሁለቱም የቆስጠንጢኖስን ራእይ ነው የሚያስታውሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰብሳቢ የካታሎግ ቁጥር ባያውቅም ምን እንደያዘ ያውቃል።

ሕጉን መርሳት አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዛል፤ ትግራይ ውስጥ ማሳ ላይ የተነሳ ሳንቲም የሰብሳቢ ንብረት አይደለም። በእስራኤልም የ1978ቱ ሕግ ከዚያ ወዲህ የተገኘን ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ያደርገዋል፣ ያገኘው ሰውም በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ከፈቃድ ካለው ነጋዴ ስትገዙ ደረሰኙን ያዙ፤ ከአገር ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለይታችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን ሳንቲም በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ፤ አንዳንድ ለስላሳ ፕላስቲክ ነሐስን ይጎዳል። ፖስታው ላይ በእርሳስ ስፋቱን፣ ክብደቱን፣ የጀርባውን ምስል፣ ያነበባችሁትን ፊደል ብቻ፣ ከየት እንደተገዛና የደረሳችሁበትን ጻፉ። ከላይ ያየነው ሳንቲም ሲጻፍ «ዳግማዊ ቆስጠንጢኖስ፣ ቄሳር፣ ከ330 እስከ 335፣ አርል (?)» ይሆናል። የጥያቄ ምልክቱን አትፋቁት፤ የተሻለ ብርሃን ወይም የተሻለ ዓይን ያለው ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት የሚነግረው እርሱ ነው።